ቀለሙ ያለቀው ፕሪንተርና ኮፒ የማይጠግበው ቢሮ

ሰሞኑን አንድ መሥሪያ ቤት የመታወቂያና የውል ኮፒ አምጣ አለኝ። ኮፒ ቤት ከመሰለፍ ብዬ ማተሙንም፣ ስካን ማድረጉንም፣ ኮፒውንም አንድ ላይ ይሠራል ወደተባለው የቤቴ ፕሪንተር ሄድኩ። ቢጫው ቀለም ስላለቀ ጥቁሩን አላትምም አለኝ። ስካን ላድርግ ብልም እምቢ! ለመሆኑ ስካን ማድረግ ቀለም የሚፈልገው ለምንድን ነው?

ነገሩ ብልሽት አይደለም። ፕሪንተሩን በርካሽ ሸጦ ትርፉን ከቀለም መልቀም የቆየ የንግድ ስልት ነው። አንዳንድ አምራቾች የሌላ ድርጅት ካርትሪጅ ሲገባ የሚለይ ቺፕ እስከ መግጠም ደርሰዋል። ምንም ሳይታተም እንኳ ማሽኑ ራሱን ሲያጸዳ ቀለም ይጨርሳል። እኛ ዘንድ ደግሞ ምንዛሪው ተጨመረበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀለሙ የሚገባው በዶላር ነው።

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ሰነድ ሕጋዊ ዕውቅና ከሰጠ ዓመታት ተቆጠሩ። የፋይዳ መታወቂያም መጥቷል። ይሁንና ሠራተኛው ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ዛሬም «ኮፒው የታለ?» ይላል። እንደ እኔ አስተያየት ይህ የመዝገብ ቤትን ወጪ በባለጉዳዩ ኪስ መሸፈን ነው።

ፕሪንተር መግዛት ግድ ለሆነበት ሰው በጠርሙስ የሚሞላው ይሻላል፤ መግዣው ቢወደድም ገጹ ይረክሳል። እኔ ግን ያን ዕለት ኮፒ ቤት ተሰለፍኩ። ሠራተኛው ኮፒዎቹን ተቀብሎ ሳያያቸው ፋይል ውስጥ ከተታቸው።