ለማሲንቆ የጊታር ፒክአፕ አትግዙ

ፒክአፕ ስል ቡሬ ገበያ እህል የሚጭነውን መኪና አይደለም፤ ከኤሌክትሪክ ጊታር ክር ሥር ያለችውን ማግኔትና የሽቦ ጥቅልል ነው። ብር ከማውጣታችሁ በፊት ስሙኝማ።

የፌንደር ስትራቶካስተር ፒክአፕ ባለ አንድ ጥቅልል ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ እኔን ብትጠይቁኝ ለትዝታና ለባቲ እሱን የሚያህል የለም። ችግሩ የመብራቱን 50 ኸርዝ እምምም የሚል ጉርምርምታ አብሮ ያመጣል። ፍኖተ ሰላም ላይ ሽቦ በተተበተበበት የሠርግ ድንኳን የተጫወተ ያውቃታል! የጊብሰኑ ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ሁለት ጥቅልሎችን በተቃራኒ አገናኝቶ ጉርምርምታውን አጠፋፋው፤ ሀምበከር የሚባለው ይኼ ነው። ድምፁ ግን ወፈር፣ ደብዘዝ ይላል። ለሮክ ይሁን፤ ለእስክስታችን አይጥመኝም።

ማሲንቆ ላይ ይኼን ልግጠም የምትሉ ደግሞ ተዉት። ማግኔቱ የሚሰማው የብረት ክርን ነው። የማሲንቆ ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ ብትገዘግዙት ውላችሁ ብታድሩ ዝም ነው የሚላችሁ። ክራርም ጅማት ወይም ናይለን ከሆነ እንደዚያው። የሚያዋጣው ንዝረቱን ከቆዳው ወይ ከእንጨቱ የሚቀበለው ፒዬዞ ነው፤ እሱ ክሩ ከምን እንደተሠራ አይጠይቅም።

ደግሞ በስልክ ስፒከር ሰምታችሁ አትፍረዱ፤ ወፍራሙን ድምፅ ይበላዋል። ቢያንስ ኤርፎን ሰኩ።