ስልኩ መለሰ፣ ሸሁ ግን ጠየቁ

ቢስሚላሂር ራሕማኒር ራሒም



በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ የመጣልን ከአንድ ቤት ነው። ቤቱ ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው በጋፋት አካባቢ ነው። ባልና ሚስቱ «ለሌላው ትምህርት ይሁን» ብለው እንድንጽፈው ፈቅደውልናል፤ ስማቸውን ግን አናነሳም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስት ከልጅነቷ ጀምራ ያሳደገቻት አክስቷ በአዲስ ዘመን በኩል እንዳረፈች መርዶ ይደርሳታል። በዚያ ሰሞን ድንች የሚወጣበት ጊዜ ነበር፤ ሕፃን ልጃቸውንም ጉንፋን ይዞታል። ባል «አሁን አትሄጂም» ይላል። ሚስት «እናቴ ማለት ናት» ትላለች። ቃል ቃልን ያመጣና ባል በንዴት «ከሄድሽ በዚያው ቅሪ!» ብሎ ይጮኻል። እሷም ልጇን አዝላ እያለቀሰች ሄደች።

ማታ ንዴቱ ሲበርድለት ፍርሃት ያዘው። «ፈትቻት ይሆን?» እያለ አላስተኛ አለው። ወደ ሸሁ እንዳይሄድ አፈረ፤ ሸሁ ኒካሑን ያሰሩለት ሰው ናቸው። ስለዚህ ስልኩን አወጣና ጥያቄውን ጻፈ። ብዙ መልስ አገኘ። አንዱ «ከሄደች ተፈትታለች፣ ነገሩ አብቅቷል» ይላል። ሁለተኛው «መሐላ ስለሆነ አሥር ሚስኪን አብላ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ጥያቄውን ትቶ ሁለተኛውን መልስ የሰጠውን ሰው ጠማማ ነው እያለ ይሳደባል። ወጣቱ እስከ ሱብሒ ድረስ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት ላይ ማታ ከነበረው የበለጠ ግራ ተጋብቶ ነበር።

አሥራ ሁለት ቀን በዚህ ሁኔታ አለፈ። በመጨረሻ እናቱ እጁን ይዛ ወደ ሸሁ ወሰደችው። ከዐስር ሶላት በኋላ ሸሁ ሰዎች እስኪበተኑ ጠብቀው አጠገባቸው አስቀመጡትና ጉዳዩን ሰሙ። ሲጨርስ መልስ አልሰጡትም። ጠየቁት እንጂ።

«ልጄ፣ ከአፍህ የወጣውን ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረኝ።»

«‘ከሄድሽ በዚያው ቅሪ’ ነው ያልኩት።»

«‘የተፈታሽ ነሽ’ ብለሃል?»

«አላልኩም።»

«ስልክህን ስትጠይቅ ምን ብለህ ጻፍክ?»

ወጣቱ አቀረቀረ። «‘ከሄድሽ የተፈታሽ ነሽ ያለ ሰው’ ብዬ ነው የጻፍኩት። ትርጉሙ ያው መስሎኝ።»

«ያንን ቃል ስትናገር በልብህ ልትፈታት ነበር?»

«ወላሂ አልነበረም ሸሆች። እንዳትሄድ ላስፈራራት ብዬ ነው።»

ሸሁ ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እሷስ የሄደችው ለማን ለቅሶ ነው?» አሉት። ነገራቸው። «አንተ ለቅሶ ደርሰሃል?» አሉት። መልስ አልነበረውም። «እንግዲያው ተነስ፤ ነገ አብረን ለቅሶ እንደርሳለን» አሉት።

በማግስቱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሄዱ። ሚስትም በተራዋ ተጠየቀች፤ የሰማችው ቃል ባሏ ከተናገረው ጋር አንድ ሆነ። ለካ እሷም በበኩሏ በስልኳ አንብባ፣ ተፈትቻለሁ ብላ ዒዳዋን መቁጠር ጀምራ ኖሯል! ሸሁ ፍቺ እንዳልወደቀ ነግረው፣ ባልን ስለ አፉ፣ ሁለቱንም ስለ ልጃቸው መክረው አስታረቋቸው።

ውድ አንባቢዎች፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እንላለን። ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ነው እንጂ ለሁሉም የሚሠራ ፈትዋ አይደለም። ተመሳሳይ ነገር የገጠመው ሰው ይህን ጽሑፍ ይዞ ለራሱ እንዳይፈርድ፤ ወደሚያውቀው ዓሊም ይሂድ። የጽሑፋችን ቁም ነገርም ይኸው ነው።

ሸሁ ያደረጉት ከየት የመጣ ነው? የፊቅህ ሊቃውንት የፍቺን ቃል በሁለት ይከፍሉታል። አንዱ ሶሪሕ የሚባለው ግልጽ ቃል ነው። ሌላው ኪናያ የሚባለው፣ ፍቺንም ሌላ ነገርንም ሊያመለክት የሚችል ቃል ነው። በኪናያ የተናገረ ሰው ኒያው ይጠየቃል። ለዚህም ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች አንዱ የከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ከዕብ በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ ከተቡክ ዘመቻ በመቅረቱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተገልሎ ሳለ፣ ከባለቤቱ እንዲርቅ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ መጣለት። ልፍታት ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ እንዳይቀርባት ብቻ እንጂ እንዲፈታት እንዳልታዘዘ ተነገረው። እሱም ባለቤቱን ወደ ቤተሰቦቿ እንድትሄድ ነገራት። ፍቺን አላሰበምና ፍቺ አልሆነም። አላህ ተውበቱን ከተቀበለው በኋላ ከባለቤቱ ጋር ኖሯል።

ታዲያ ይህ ታሪክ በኢንተርኔት የለም ወይ? አለ። የቡኻሪ ሐዲስ በሙሉ በአንዲት ስልክ ውስጥ ይገባል። ወጣታችን ግን ሊያገኘው አልቻለም፤ ምክንያቱም መጀመሪያ የጠየቀው ጥያቄ የራሱ ጥያቄ አልነበረም። ስልክ የተጠየቀውን ይመልሳል። ጠያቂው ተሳስቶ ከጠየቀ፣ መልሱ ትክክል ሆኖም ቤት ሊያፈርስ ይችላል። ዓሊሙ ግን ሰውየውን ያውቃል፤ አማርኛውን፣ የአገሩን አነጋገር፣ ንዴቱን፣ አማቶቹን ሳይቀር ያውቃል። ስለዚህ ከመመለሱ በፊት ይጠይቃል።

ይህን ስንል ኢንተርኔትን ለመንቀፍ አይደለም። ኒዕማ ነውና አልሐምዱሊላህ እንላለን። አባቶቻችን ኪታብን በእጃቸው እየገለበጡ የተማሩ ናቸው። በሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅና በሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተዘጋጀው የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም በ1961 እ.ኢ.አ. ታትሞ ሲወጣ፣ አረብኛ ለማያውቀው ሙስሊም ትልቅ በር ነበር የተከፈተለት። ዛሬ ያ በር በየሰው ኪስ ውስጥ ነው። ልጅ አቅፋ ከቤት መውጣት የማትችል እናት የተፍሲር ደርስ ትሰማለች። መድረሳ በሌለበት ቀበሌ ያለ ልጅ የታላላቅ ቃሪኦችን ድምፅ እየሰማ ንባቡን ያርማል። ይህን በር የሚዘጋ ሰው ተሳስቷል።

ነገር ግን በር ቤት አይደለም። ዒልም በእስልምና ምንጊዜም ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የኖረ አደራ ነው። ጂብሪል (ዐ.ሰ) ስለ ኢስላም፣ ስለ ኢማንና ስለ ኢሕሳን ሊጠይቅ በሰው አምሳል ሲመጣ ጉልበቱን ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጉልበት ጋር አገናኝቶ ነው የተቀመጠው። ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) አንዲት ሐዲስ ከሰማት ሰው አፍ ለመስማት ግመል ገዝቶ የአንድ ወር መንገድ ወደ ሻም ተጉዟል። የኢማም ማሊክ እናት ልጃቸውን ወደ ረቢዓ ሲልኩት፣ ከዕውቀቱ በፊት አደቡን እንዲማር መክረውታል ይባላል። አደብ ደግሞ በስክሪን አይወርድም፤ አብሮ በመቀመጥ የሚገኝ ነው።

በአገራችንም ይኸው ነበር። በወሎ እነ ጃማ ንጉሥና ዳና የታወቁት ደረሳ ስንቁን ቋጥሮ፣ ቀናት በእግሩ ተጉዞ ስለሚሰበሰብባቸው ነው። ሙፍቲ ዳውድ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን፣ ዘቢድ ድረስ ሄደው ተምረዋል። በእኛው በደቡብ ጎንደር ደሪታ በ19ኛው መቶ ዘመን የሙስሊም ነጋዴዎችና የሸማኔዎች ከተማ ነበረች። ደረሳ ኪታቡን ከሸሁ ፊት ቀርቶ ሲጨርስ ኢጃዛ ይቀበል ነበር። ኢጃዛ ማለት «ይህን ሰው አውቀዋለሁ፣ እኔ ፊት ቀርቷል፣ ማስተማር ይችላል» የሚል ምስክርነት ነው። ዛሬ በስልክ የሚያስተምረንን ሰው ስንቶቻችን «ማን ፊት ቀራህ?» ብለን ጠይቀናል?

የጋፋትን ታሪክ የምታውቁ ወጣቶች ይህ አይጠፋችሁም። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ሴባስቶፖልን ያሠሩት አውሮፓውያንን ሰብስበው ነው። ነገር ግን መድፉ ብቻ አልበቃቸውም፤ ወጣቶች ሙያውን እንዲቀስሙ ከሠራተኞቹ አጠገብ አስቀምጠዋል። የእጅ ሙያ እንኳ ከባለሙያው አጠገብ መቀመጥን ከጠየቀ፣ የዱንያና የአኺራ ጉዳይማ እንዴት አይጠይቅ?

ሌላው ከዚህ የማይተናነስ ጉዳይ ወሬ ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ወሬ ሲደርሳቸው «ከማን ሰማህ? መቼና የት አገኘኸው?» ይሉ ነበር። በዚህ ጥያቄ ስንት ውሸት ተጣርቷል! እኛ ግን ዛሬ «የደረሰኝን ነው ያጋራሁት» ብለን እጃችንን እንታጠባለን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሰማውን ሁሉ ማውራት ራሱ ሰውን ውሸታም ለማድረግ እንደሚበቃው አስጠንቅቀዋል። አላህም (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ አዞናል፤ ምክንያቱንም ነግሮናል። ሳናውቅ ሰዎችን እንዳንጎዳና ኋላ እንዳንጸጸት ነው።

በታኅሣሥ 2012 በምሥራቅ ጎጃም በሞጣ ከተማ መስጊዶች በተቃጠሉ ጊዜ የደረሰብንን ሐዘን የምናስታውስ፣ ስልክ በእጁ የያዘ ወጣት እንዴት ባለ እሳት እንደሚጫወት እናውቃለን። በእንዲህ ያለ ቀን ሕዝብን የሚያረጋጋው ቆሞ የሚያውቁት፣ ልጆቻቸውን ያስተማረ፣ ቃሉ የሚደመጥ ሸህ ነው። ከጎረቤት ክርስቲያን ሽማግሌ ጋር ተቀምጦ መነጋገር የሚችለውም እሱ ነው። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185 በዚያው ዓመት በ2012 ወጥቷል። አዋጅ ግን ከጥፋቱ በኋላ ይቀጣል፤ አደብ ከጥፋቱ በፊት ያቆማል።

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜም አንድ ትምህርት አግኝተናል። ደርሱን በስልክ ብቻ ይከታተል የነበረ ወጣት በአንድ ቀን ኡስታዙን አጣ። መስጊድ ውስጥ ያሉት ሸህ ግን ከፈጅር በኋላ ቦታቸው ላይ ነበሩ። አንዳንዱ ወጣት በሰፈሩ እንዲህ ያሉ ዓሊም መኖራቸውን ያወቀው ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ለተከበሩት ዑለማዎቻችንም በአክብሮት የምንለው አለን። ወጣቱ ወደ ስልኩ የሸሸው ሁልጊዜ በስንፍና አይደለም። አንዳንዴ ጠይቆ «ዝም በል» ስለተባለ፣ አንዳንዴም ምሥጢሬ ይወጣል ብሎ ስለፈራ ነው። ጋፋት ያለው ወንድማችን አሥራ ሁለት ቀን የተሰቃየው በእፍረት ነው። በሩ ክፍት፣ ፊቱ ፈታ ያለ፣ ምሥጢር ጠባቂ ዓሊም ካለ፣ ወጣቱ ይመጣል። የሚቻላቸውም ደርሳቸውን ቀድተው ቢያሰራጩ መልካም ነው፤ ሜዳውን ለማያውቅ ከመተው ይሻላል።

ወላጆችስ? ለልጃችን ስልክ ለመግዛት የምንቆጥበውን ያህል፣ ቁርኣን ለሚያስቀራው ኡስታዝ ደመወዝ እንቆጥባለን ወይ? ልጃችን ማንን እንደሚሰማ እናውቃለን ወይ? ሸሁን በዓመት አንዴ እንኳ ቤታችን ጋብዘን ከልጆቻችን ጋር አስተዋውቀናል ወይ?

ለወጣቶችም ሦስት ጥያቄ እንስጥ። በስልክህ የምትሰማው ሰው ማን ነው? ከማን ተማረ? የእኔን ሁኔታ ያውቃል ወይ? ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መልስ ካገኘህ ስማው፣ ተጠቀምበት። ሦስተኛው «አያውቅም» ከሆነ ግን፣ ስለ ትዳርህ፣ ስለ ውርስህ፣ ከሰው ጋር ስላለህ ሐቅ ብይን አትውሰድበት። ጫማህን አጥልቅና ወደ ሸሁ ሂድ።

ባልና ሚስቱ ዛሬ አብረው ናቸው። ወጣቱ አሁንም ስልኩን ይጠቀማል፤ ደርስም ይሰማበታል። ያልገባው ነገር ሲያጋጥመው ግን በወረቀት ይጽፍና ከዐስር በኋላ ሸሁ ዘንድ ይዞ ይሄዳል። «ግማሹን ጥያቄ መንገድ ላይ እመልሰዋለሁ፤ እሳቸው ምን ብለው እንደሚጠይቁኝ ስለማውቅ» ብሎናል።

አላህ (ሱ.ወ) ዑለማዎቻችንን በዕድሜና በጤና ያቆይልን፤ ያለፉትን በራሕመቱ ይቀበልልን፤ ጠቃሚ ዒልምና መልካም አደብ ይወፍቀን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።