ስልኬ «ፍሬን ሸራ» አያውቅም

ባለፈው ቅዳሜ የኋላ ፍሬን ዲስክና ሸራ ልቀይር መኪናዬን በክሪክ አነሳሁ። የ2006 ጎልፍ ናት። እዚህ ጀርመን ጋራዥ ብወስዳት የእጅ ዋጋው ከዕቃው ስለሚበልጥብኝ ራሴ ልሠራት ወሰንኩ። የጥገና መመሪያው በጀርመንኛ ነው፤ የእኔ ጀርመንኛ ደግሞ ለሱቅና ለሥራ ቦታ እንጂ ለፍሬን አይበቃም። ስለዚህ የስልኬን የትርጉም አፕ ከፍቼ ገጹን በካሜራ ወደ አማርኛ አስገለበጥኩት።

መጀመሪያ ሳቅኩ። የፍሬን ሸራው «ትራስ»፣ ካሊፐሩ «መለኪያ» ሆኗል። ይሁን፣ ሥዕሉን እያየሁ የቱ የቱ እንደሆነ ገባኝ። ጎማውን ፈታሁ፣ ካሊፐሩን ነቅዬ የፍሬን ቱቦው እንዳይጎተት በሽቦ አንጠለጠልኩት፣ የዛገውን ዲስክ አውጥቼ አዲሱን አስገባሁ።

ሳቁ ያበቃው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ ሸራ ካለቀው ስለሚወፍር፣ ቦታ እንዲያገኝ ፒስተኑ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። አፑ «ፒስተኑን ወደ ቦታው ይመልሱት» አለኝ። የፊት ፍሬን ላይ ፒስተኑ ተገፍቶ እንደሚገባ ስለማውቅ ይህንንም ገፋሁት። እምቢ አለ። ትልቅ መጭመቂያ ላመጣ ስል ፈራሁና ሶማሌ ተራ አካባቢ ለብዙ ዓመት መካኒክ ለነበሩ የሰፈራችን ሰው ፎቶ ላክሁላቸው። ወዲያው በድምፅ መለሱልኝ፦ «ልጄ፣ እንዳትገፋው! የኋላው የእጅ ፍሬኑን ውስጡ ይዟል። ጫን እያደረግክ ወደ ቀኝ አዙረው፣ እንደ ብሎን ይገባልሃል።»

ልክ ናቸው። በዚህ ዓይነት ካሊፐር ውስጥ ፒስተኑ ከእጅ ፍሬኑ ጋር በጥርስ የተያያዘ ነው። በጉልበት ቢጨመቅ ውስጡ ሊበላሽ ይችላል፤ ዳገት ላይ የቆመች መኪና በእጅ ፍሬኑ መያዟም ያጠራጥራል። መመሪያውን ቃል በቃል ከመዝገበ ቃላት ጋር ሳስተያየው ጀርመንኛው «መልሰህ አዙር» ይላል። አፑ «መልስ»ን ይዞ «አዙር»ን ጥሎታል።

ስለ አማርኛ ቴክኖሎጂ ስንከራከር ብዙ ጊዜ የምንጣላው በስም ነው፤ ይህን ዕቃ ምን እንበለው፣ ያንን ምን ብለን እንተርጉመው እንላለን። እኔ ግን ትልቁ ችግር ስሙ አይመስለኝም። ጋራዦቻችን የስሙን ጉዳይ ድሮ ጨርሰውታል። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ ከጣልያንኛ መጡ፣ አማርኛ ሆነው ቀሩ። ግሦቹ ግን የራሳችን ናቸው፦ ማጥበቅ፣ ማላላት፣ መንቀል፣ መግፋት፣ ማዞር። ስም ሲሳሳት እንስቃለን፤ ግስ ሲሳሳት ግን ሰው ይጎዳል።

ማሽኑ ለምን ይሳሳታል? የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው። በአማርኛ ዜናና መንፈሳዊ ጽሑፍ በብዛት እናገኛለን፤ የመካኒክ አማርኛ ግን አፍ ላይ እንጂ ወረቀት ላይ የለም ማለት ይቻላል። የእኚያ ሰው የድምፅ መልእክትም ስልኬ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

«ፍሬን ባለሙያ ይንካው» የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት አለው፤ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው መንካት የለበትም። ነገር ግን ገንዘብ ያጠረው ሰው ራሱ መሥራቱ አይቀርም። ሲሠራ ትክክለኛውን ቃል ማግኘት ይገባዋል። አዳዲሶቹ መኪናዎች ደግሞ የእጅ ፍሬናቸው በሞተር የሚሠራ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ ላይ ሸራ ከመቀየሩ በፊት ሞተሩን በምርመራ መሣሪያ ወደ ጥገና ሁኔታ ማስገባት ያስፈልጋል። እዚያ ላይ የተሳሳተ ትርጉም የተሳሳተ ቁልፍ ያስነካል።

ስለዚህ አፕ ለሚሠሩ ወገኖች፦ የጥገናና የደኅንነት ጽሑፍ ሲተረጎም ዋናው ቃል ከጎኑ ይታይ፤ ማሽኑ ያልተማመነበት ግስ ምልክት ይደረግበት። ለእኛ ለተጠቃሚዎች፦ መካኒክ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ የቧንቧ ሠራተኛ ዘመድ ያለን ሁሉ፣ አስፈቅደን የሚነግሩንን በጽሑፍ እናስቀምጥ። የአማርኛ ዊኪፔዲያ ለማንም ክፍት ነው፤ ብሎግም አለ። ገንቢዎች አማርኛ ዳታ የለም ብለው ሲያማርሩ እሰማለሁ። ዳታው አለ፣ ግን የሚያወራው እንጂ የሚጽፈው የለም።

እኔ ጀምሬያለሁ። የኋላ ፍሬን አቀያየሩን ደረጃ በደረጃ ጽፌ ለእኚያ መካኒክ ላክሁላቸው። አንድ እርማት ሰጡኝ፦ «መኪናዋን ከማንቀሳቀስህ በፊት ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግመህ ርገጥ፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ይሆንብሃል።» እኔ ረስቼው ነበር። አሁን ተጽፏል።