የቲማቲም ዘረመል ተነበበ፤ የእኛ ሕግስ?

የአዲስ አበባ ሰው ቅዳሜና እሑድ ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ ሲወርድ አዳማን አልፎ አዋሽ መልካሳ ይደርሳል። በዚያ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው ይህ ማዕከል የአገራችን የቲማቲም ምርምር ዋነኛ ቤት ነው። መልካ ሾላ፣ መልካ ሳልሳ፣ ቢሾላና ጫሊ የተባሉት ዝርያዎች የወጡት ከዚሁ ነው። ለመታጠብ የሚቸኩለው መንገደኛ ግን ግቢውን ልብ ሳይለው ያልፋል።

ልብ ልንለው የሚገባን ቲማቲም የወጥ ማጣፈጫ ብቻ ባለመሆኗ ነው። በዓለም ላብራቶሪዎች ውስጥ ዋነኛ የዘረመል ምርምር ሞዴል ከሆኑት ዕፅዋት አንዷ ናት። ራሷን በራሷ ስለምታዳቅል ዘሯ በቀላሉ አይደበላለቅም፤ ክሮሞዞሞቿም አሥራ ሁለት ጥንድ ብቻ ናቸው። አረቢዶፕሲስ የምትባለው ሌላዋ የሳይንቲስቶች ሞዴል ሥጋ ያለው ፍሬ ስለማታፈራ፣ ፍሬ እንዴት እንደሚበስልና ለምን ቶሎ እንደሚበላሽ የሚጠናው በአብዛኛው በቲማቲም ነው። ማይክሮ ቶም የተባለችው ድንክ ዝርያማ በሦስት ወር ገደማ ከዘር ወደ ዘር ትደርሳለች።

እ.ኤ.አ. በ2012 የ14 አገሮች ሳይንቲስቶች የቲማቲምን ሙሉ ጂኖም አንብበው ወደ 35,000 የሚጠጉ ጂኖችን ይፋ አደረጉ። ከእነዚያ አገሮች መካከል አንድም አፍሪካዊ አልነበረም። በዚያው ዓመት ቱታ አብሶሉታ የተባለችው ተባይ ወደ ኢትዮጵያ ገባች። ሌላው ዓለም የቲማቲምን መጽሐፍ ሲያነብ፣ የመቂና የዝዋይ ገበሬ መድኃኒት መርጨቱን ተያያዘው። በዚህ ላይ ብዙው አምራች የሚዘራው ከውጭ የሚመጣ ዲቃላ ዘር ነው። የዲቃላ ዘር ልጅ እናቱን ስለማይመስል በየወቅቱ እንደገና ይገዛል፤ ዘሩም የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው የሳይንስ ብቻ አይደለም፤ የሕግም ነው። የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እጅግ ጥብቅ ሆኖ ነበር የወጣው። ለዚህም ምክንያት ነበረው። ነፍሳቸውን ይማርና ዶ/ር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር በካርታኼና ፕሮቶኮል ድርድር የአፍሪካን ቡድን ሲመሩ፣ ድሃ አገር ያልመረመረውን ነገር እንዳይቀበል የተከራከሩት በከንቱ አልነበረም። ይሁንና ጥብቅነቱ የራሳችንንም ተመራማሪ እጅ አሰረ። በአዋጅ ቁጥር 896/2007 የተደረገው ማሻሻያ ለምርምር በሩን ገርበብ አድርጎ ከፈተ።

ሳይንሱ ግን ሕጉን ቀድሞ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2021 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበችው ቲማቲም፣ ጋባ የተባለው ንጥረ ነገር እንዲበዛባት የራሷ ጂን ታርሞ የተገኘች ናት እንጂ ባዕድ ጂን አልተጨመረባትም። የ2001 አዋጅ ልውጠ ሕያውን ሲተረጉም ዓይኑን የጣለው በዋናነት ከውጭ በሚገባ ጂን ላይ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለችው ቲማቲም ልውጥ ናት ወይስ አይደለችም? የዚህ መልስ በአዋጁ ቃል ሊሰፍር ይገባዋል እንጂ ለባለሥልጣን ትርጓሜ ሊተው አይገባውም። ሕግ ሲያሻማ ደፋሩ ያልፋል፣ ጠንቃቃው ይቆማል፤ ተመራማሪ ደግሞ በጠባዩ ጠንቃቃ ነው።

ሌላም ጎን አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 ከፔሩ ተራሮች የተለቀመች የዱር ቲማቲም ለአሜሪካ ዝርያዎች ስኳር ጨመረች። የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ ድንክ ቫይረስ የታደገውም ጂን ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ ነው። ያን ጊዜ የዘር ሀብት የሁሉም ነው ይባል ስለነበር ባለቤቱ ድርሻ አይጠይቅም ነበር። ይህን ለማረም አዋጅ ቁጥር 482/1998 ወጣ። ሆኖም የጤፍን ነገር እናስታውስ። ኔዘርላንድ ውስጥ የተያዘው የጤፍ ባለቤትነት መብት እ.ኤ.አ. በ2018 ሄግ ላይ የወደቀው መንግሥታችን ከስሶ አይደለም፤ ባለመብቱ ራሱ አንድ የደች ኩባንያ ከስሶ ስለተረታ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

ከዚህ የምንማረው ከለላ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። የራሱን ዘር የማያነብ አገር ሲሰረቅም ማስረጃ የለውም። ቲማቲም ደግሞ መጤ ስለሆነች ለመማሪያ ትመቻለች፤ በእርሷ የሠለጠነ እጅ ነገ በጤፍ፣ በእንሰትና በኑግ ላይ ይሠራል።

ስለዚህ የአዋጁ ትርጉም ይጥራ፤ የፈቃድ ጥያቄ የሚመለስበት ቀነ ገደብ በሕግ ይቀመጥ፤ ከምርምር የሚገኘው ዝርያ ገበሬው ዘሩን አስቀርቶ የመዝራት መብቱን የማይነካ ይሁን። ጥንቃቄ የማይሠሩበት ሰበብ ከሆነ ጥበቃ መሆኑ ይቀራል። የመቂ ገበሬ ቱታ የማትደፍራትን ቲማቲም የሚጠብቀው ከመልካሳ ነው ወይስ ከወደብ? መልሱ ያለው በሕግ አውጪው እጅ ነው።