ችግራችሁን በኪሎ አትሽጡ

ከሚዛን ተፈሪ፣ ከቴፒና ከቦንጋ የሚላኩልኝን የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ጽሑፎች ሳነብ አንድ ልጅ ደጋግሞ ይመጣል። ባዶ እግሩን ነው። ቡና ይለቅማል፤ በኩራዝ ያጠናል፤ መጨረሻ ላይ «አገሬን መለወጥ እፈልጋለሁ» ይላል። ስሙ ይቀያየራል እንጂ ልጁ ያው ነው። ኧረ ይብቃው!

አሜሪካ ላሉ ዩኒቨርሲቲዎች ያመለከታችሁ ታውቁታላችሁ። በኮመን አፕ ከሚላከው እስከ 650 ቃል ከሚደርሰው ዋና ጽሑፍ ሌላ ብዙዎቹ የራሳቸውን አጫጭር ጥያቄዎች ይጨምራሉ። «ለምን እኛን መረጥክ?» «ስላደግሽበት ማኅበረሰብ ንገሪን።» መልሱ ብዙ ጊዜ ከ150 እስከ 250 ቃል ነው። ሙሉ የገንዘብ ድጋፍ ካላገኘ መሄድ ለማይችል ልጅ እነዚህ ጥቂት መስመሮች ቀልድ አይደሉም።

በየቴሌግራሙ የሚዞረው ምክር ግን «ችግርህን ጻፍ፤ ፈረንጅ ይወዳል» የሚል ነው። ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። ኩራዙ እውነት ከሆነ ይጻፍ፤ ድህነት ነውር የለበትም። ግን ኩራዙ ብቻውን ስለ እናንተ ምን ይናገራል? በዚያ ብርሃን ምን አነበባችሁ? ምን አልገባ አላችሁ? በምን ተናደዳችሁ? የተጠየቃችሁት ይህን ነው።

ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተሰጡት አማራጮች አንዱን መምረጥ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ወንፊት ለማለፍ ሲሸመድድ የኖረ ልጅ «አንተስ ምን ታስባለህ?» ሲባል ቢደነግጥ አይገርምም። ቤት ደግሞ «እኔ፣ እኔ ማለት ነውር ነው» ተብሎ ነው ያደገው። ስለዚህ ባዶውን ቦታ በተዋሰው ልጅ ይሞላዋል።

እስቲ ጌሻን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከዚሁ ከእኛ አካባቢ የተወሰደው የቡና ዘር ዞሮ ዞሮ ፓናማ ደረሰ፤ በ2004 ጨረታ ላይ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ሲሸጥ የቡናው ዓለም ጉድ አለ። ዘሩ የእኛው ነው። ፓናማዎቹ ጣዕሙን ከሌላው ለይተው ቀመሱት፣ ለይተው ለቀሙት፣ ለይተው አቀረቡት። ከሌላው ጋር በአንድ ጆንያ ቢገባ ኖሮ ስምም አይኖረውም ነበር።

እናንተም ለይታችሁ ጻፉ። ቴፒ ያደገች ልጅ ዝናቡ አላባራ ሲል አልጋ ላይ የተሰጣው ጀንፈል እንደሚሻግት፣ የቤቱም ገቢ አብሮ እንደሚበላሽ ታውቃለች። «ለምን እኛን?» ሲሏት የዩኒቨርሲቲውን ደረጃና ዝና መልሳ ለራሱ ለዩኒቨርሲቲው አትንገረው፤ ያውቀዋል። ስለ ሻጋታና ስለ እህል አደራረቅ የሚያስተምሩትን ኮርስ ፈልጋ ከራሷ ጥያቄ ጋር ታገናኘው።

ሚዛን ገበያ ላይ ኮረሪማ ከምትሸጥ እናቱ አጠገብ የዋለ ልጅም ስለ ማኅበረሰቡ ሲጠየቅ «ኢትዮጵያ ከ80 በላይ ብሔረሰቦች አሏት» ብሎ ባይጀምር እመርጣለሁ። ይልቅ ይንገረን፦ ቤንችኛ፣ ካፊኖኖና አማርኛ በሚደባለቁበት ገበያ ዋጋ የሚጠራው በየትኛው ነው? ጠብ ሲነሳ ማን ይዳኛል? እሱስ ለማን አስተርጉሞ ያውቃል?

«ታዲያ ውድድሩ እኩል ነው?» የሚሉኝ አሉ። አይደለም። አንዱ አማካሪ ቀጥሮ ይጽፋል፤ ሌላው መብራት እስኪመጣ ይጠብቃል። ለዚህም ቦታ አለው፤ ኮመን አፕ ላይ ተጨማሪ መረጃ የሚጻፍበት ክፍል አለ። የመብራቱን፣ የኔትወርኩን፣ የተቋረጠውን ትምህርት ነገር እዚያ በሦስት ዓረፍተ ነገር በግልጽ ተናገሩ፤ ሌላውን ቦታ ሐሳባችሁ ይያዘው።

ቡናችንን ቀላቅለን፣ ሌላ በተመነው ዋጋ ስንሸጥ ኖረናል። በቃ፣ ታሪካችሁን እንኳ እንደዚያ አትሽጡት። 150 ቃል ትንሽ ናት፤ ለዚያ ለባዶ እግሩ ልጅ አትስጡት።