አፍ ለሌለው አፍ መሆን

 

በረመዳን ወር ስለ ሰደቃ፣ ስለ ዘካና ስለ ፊጥራ ብዙ ይነገራል። የተራበን ማብላት፣ የታረዘን ማልበስ ሁላችንም የምናውቀው የኸይር ሥራ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ስለማይነገርለት ድሃ መጻፍ ፈለግሁ። እርሱም በወንጀል ተከሶ ችሎት ፊት የቆመ፣ ጠበቃ የሚቀጥርበት ገንዘብ ግን የሌለው ሰው ነው። ሀገራችን ለእንዲህ ያለው ሰው ያቋቋመችው መሥሪያ ቤት አለ፤ የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ይባላል። ብዙ ቤተሰብ ስሙን አልሰማም። ከሰሙትም ውስጥ የወንጀለኛ ጠበቃ እያሉ በክፉ ዓይን የሚያዩት አሉ። እኔ ደግሞ ያለ እርሱ ፍርድ ሙሉ አይሆንም እላለሁ፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

አባቶቻችን “አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል” ይላሉ። በበላ ልበልሃ ዘመን ሙግት የሚረታው አንደበቱ የሰላ ሰው ነበር፤ አንደበት የሌለው እውነቱን ይዞ ይረታ ነበር። ዛሬ ችሎቱ ተለውጧል፤ ችግሩ ግን ብዙም አልተለወጠም። በአንድ ወገን ሕግ የተማረ ዓቃቤ ሕግ አለ፤ ፖሊስ ማስረጃ ይሰበስብለታል፤ ደመወዙንም መንግሥት ይከፍለዋል። በሌላ ወገን ማሽላና ማሾ እየዘራ የሚኖር የይፋት ቆላ ገበሬ ይቆማል። በሰንበቴ ገበያ የሸጥከው በሬ የተሰረቀ ነው ተብሎ ተከሷል እንበል። ይህ ሰው መስቀለኛ ጥያቄ ምን እንደሆነ በምን ያውቃል? ምስክሩ በሬውን በየት በኩል፣ በምን ሰዓት፣ በምን ብርሃን እንዳየው መጠየቅ እንዳለበት ማን ነገረው? ዳኛው “የምትጠይቀው አለ?” ሲሉት “ውሸት ነው፣ ጌታዬ” ብሎ ይቀመጣል። መዝገቡ ላይ የሚቀረውም ያልተነካው የምስክር ቃል ነው። በአካባቢያችን አማርኛ፣ ኦሮምኛና አርጎብኛ የሚናገር ሕዝብ አብሮ ይኖራልና፣ የችሎቱ ቋንቋ የአፍ መፍቻው ላልሆነው ደግሞ ችግሩ ይደራረባል።

ይህን ጭንቅ ነቢያትም አውቀውታል። ሙሳ ዐለይሂ ሰላም ወደ ፊርዐውን እንዲሄዱ ሲታዘዙ፣ ከዚያ ሕዝብ አንድ ሰው በእጃቸው መሞቱን አንሥተው እንዳይገድሏቸው መፍራታቸውን ለጌታቸው ተናገሩ። ወንድማቸው ሃሩን በአንደበት ከእርሳቸው የተሻሉ ስለሆኑ አብረዋቸው እንዲላኩም ለመኑ። አላህም ልመናቸውን ተቀበለ። ይህ በሱረቱል ቀሰስ የሚገኝ ታሪክ ነው። የአላህ ነቢይ የሚናገርላቸው ሰው ካስፈለጋቸው፣ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ እንዴት አያስፈልገው!

በገዛ ሀገራችን የሆነውንም እናስታውስ። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደ ሐበሻ ሲመጡ የመካ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ጓደኛውን ልከው አስመልሱልን አሉ። የሲራ መጻሕፍት እንደሚተርኩት መልእክተኞቹ አስቀድመው ለንጉሡ ባለሟሎች ስጦታ ሰጡ፤ ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጡም መከሩ። ነጃሺ ግን የእነርሱን ቃል ሳልሰማ አልሰጥም አሉ። ስደተኞቹም ከመካከላቸው ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብን መረጡ፤ እርሳቸውም ስለ ሁሉም ተናገሩ። በዚህ ታሪክ ዘወትር የምንኮራው በእንግዳ ተቀባይነታችን ነው። ነገር ግን ስደተኞቹን ያዳናቸው ከእንግዳ ተቀባይነት አስቀድሞ የችሎት ሥርዓት ነበር። ከሳሹ ስጦታ ይዞ መጣ፣ ተከሳሹ አንደበት ተፈቀደለት፣ ንጉሡም ሁለቱን ወገን ሰምተው ፈረዱ። ነቢያችን ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ) ዓሊን (ረ.ዐ) ወደ የመን ዳኛ አድርገው ሲልኳቸው የሁለተኛውን ወገን ቃል ሳይሰሙ እንዳይፈርዱ መክረዋቸዋል።

የሀገራችን ሕግም ይህንኑ ይላል። በኅዳር 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20፣ የተከሰሰ ሰው በመረጠው ጠበቃ የመወከል መብት እንዳለው ደንግጓል። የመክፈል አቅም ከሌለውና ጠበቃ በማጣቱ ፍትሕ የሚጓደል ከሆነም መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። በዚያው አንቀጽ ተከሳሽ ጥፋቱ በማስረጃ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠራል፤ ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ካልተረዳም በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይመደብለታል።

መሥሪያ ቤቱ የተወለደበትም ጊዜ ትምህርት አለው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ደርግ ስልሳ ያህል ባለሥልጣናትን አንድም ችሎት ሳያቆማቸው በአንድ ሌሊት ገደለ። መንግሥት ተለውጦ የደርግ ሹማምንት በተራቸው ሲያዙ እንደ እነርሱ መፍረድ ይቻል ነበር። ነገር ግን የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት በ1986 ዓ.ም. ተቋቋመ። ክሳቸው በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. መሰማት ሲጀምር ጠበቃ ማቆም ላልቻሉት በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ቆመላቸው፤ የዋነኞቹ ተከሳሾች ጥፋተኝነት የተወሰነውም በ1999 ዓ.ም. ነው። ሙግቱ ረዘመ ብለው ያማረሩ ብዙ ናቸው። ሆኖም ሌላውን ያለ ፍርድ የገደለ ሰው እንኳ በፍርድ እንዲዳኝ መደረጉ፣ ከዚያ በኋላ ለሚከሰስ ለማንኛውም ድሃ በር ከፍቷል። ዛሬ ጽሕፈት ቤቱ በፌዴራል ደረጃ ይሠራል፤ በክልላችንም ተከላካይ ጠበቆች በፍርድ ቤቶች ሥር ተደራጅተዋል።

ጠበቃ መኖሩ ምን ይለውጣል ለሚል ከሩቅ ሀገር አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት ጊዲዮን የሚባል ድሃ ሰው የመጫወቻ ቤት ሰብረህ ሰረቅህ ተብሎ በፈረንጆች 1961 ተከሰሰ። ጠበቃ ይቁምልኝ ቢል ዳኛው ሕጉ አይፈቅድም አሉት፤ ራሱ ተከራክሮ 5 ዓመት ተፈረደበት። ከእስር ቤት ሆኖ በእርሳስ የጻፈው አቤቱታ የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1963 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ጠበቃ ይገባው ነበር ብለው ወሰኑ። ጉዳዩ እንደገና ሲታይ ጠበቃው ዋናውን ምስክር በጥያቄ አፋጠጠው፤ ጊዲዮንም በነፃ ተለቀቀ። ሰውየው ያው ነው፤ ክሱም ያው ነው። የተጨመረው የሚናገርለት ሰው ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልግባ። እኛ አጣዬ የምንኖር ሰዎች ወንጀል ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አይደለም የተማርነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ከተማችን ስትቃጠል አይተናል፤ የሚያዝያው ቃጠሎ የደረሰውም ረመዳን በገባበት ሳምንት ነበር። ቤቱ የነደደበት፣ ልጁ የሞተበት ሰው “ለአቃጣዩም በመንግሥት ገንዘብ ጠበቃ ይቆማል?” ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። ቁስሉ ነው የሚናገረው። ጥያቄውን ግን በቁርኣን እንመልሰው።

በሱረቱ ኒሳእ ከ105ኛው አንቀጽ ጀምሮ ስለወረዱት አንቀጾች ሙፈሲሮች የሚያወሱት ታሪክ አለ። በመዲና ጡዕማ የሚባል ሰው ጥሩር ሰረቀ፤ ሊያዝ ሲል የሰረቀውን በአንድ አይሁዳዊ ቤት አስቀመጠ። ዘመዶቹ ተሰብስበው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጡና ስለ ወገናቸው ንጹሕነት አሳምረው ተናገሩ። እቃው የተገኘው ከአይሁዳዊው ዘንድ ነው፤ የሚናገርለት ወገን ደግሞ የለውም። ያን ጊዜ አንቀጾቹ ወርደው ንጹሑን ነፃ አወጡት፤ ለከዳተኞች ተከራካሪ መሆንንም ከለከሉ። አንዳንድ ሰው ይህን ክልከላ ይዞ “ጠበቃ ለወንጀለኛ መቆም የለበትም” ሲል እሰማለሁ። ታሪኩን ጨርሶ ቢያነበው የወረደው ጠበቃ ያጣውን ተከሳሽ ለማዳን መሆኑን ያይ ነበር። ዛሬ ወሕይ አይወርድም። ስለዚህ እቃው በቤቱ የተገኘበትን ሰው ነገር የሚመረምር፣ ማን አስቀመጠው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። የተከላካይ ጠበቃ ሥራ ይህ ነው። ሐሰት እያወቀ መናገር ለእርሱም ሐራም ነው። ማስረጃው ይፈተን፣ ጥፋተኛ ከሆነም ከጥፋቱ በላይ አይቀጣ ማለት ግን ሐቅ ነው።

ደግሞም ልብ በሉ፤ የእኔን ቤት ያላቃጠለ ሰው በእኔ ቤት ስም ሲታሰር፣ ያቃጠለው ሰው ገበያ ውስጥ እየተዘዋወረ ነው ማለት ነው። ለተበዳዩ ከዚህ የከፋ በደል የለም። በሱረቱል ማኢዳ አላህ የሕዝቦች ጥላቻ ፍትሕን ወደ ማጉደል እንዳይገፋን ያስጠነቀቀውም ለዚህ ነው። ጎረቤት ጎረቤቱን በጥርጣሬ በሚያይበት አካባቢ፣ ሁለቱም ወገን ፍርዱን አምኖ እንዲቀበለው ሁለቱም ወገን መሰማት አለበት።

እንግዲህ ይህን ጽሕፈት ቤት የሚመራ ሰው የተሸከመው ትልቅ አማና ነው። ጠበቃና ተከሳሽ ለመጀመሪያ ጊዜ በችሎት በር ላይ የሚተዋወቁ ከሆነ መከላከያው ስም ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጠበቆቹ ከቀጠሮ በፊት ማረሚያ ቤት ሄደው ደንበኛቸውን እንዲያነጋግሩ ጊዜና መጓጓዣ ሊመድብ ይገባዋል። አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳብቡ ሁለት ተከሳሾችን ለአንድ ጠበቃ መስጠት የለበትም። ከአቅም በላይ የተከመረ መዝገብ ሲመጣበት ዝም ብሎ ከማከፋፈል ይልቅ ሰው ይጨመርልኝ ብሎ መጮህ አለበት። ጠበቆቹ የሚቆሙት ባደራጃቸው ፍርድ ቤት ፊት ነውና፣ ዳኛውን ሳይፈሩ እንዲከራከሩ ጋሻ ሊሆናቸው የሚገባውም እርሱ ነው።

የመንግሥትም ዕዳ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለውና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ተከላካይ ጠበቃ የሚመደበው ግን ባብዛኛው ክስ ከቀረበ በኋላ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ድሃው ፈርቶ ቃል የሚሰጠው፣ ያልገባውን ወረቀት የሚፈርመው ግን በፖሊስ ጣቢያ በእነዚያ የመጀመሪያ ሰዓታት ነው። ጣርማ በርን ወጥቶ ደብረ ብርሃን ድረስ ጠበቃ ፍለጋ መሄድ ለቆላ ገበሬ ቀላል አይደለም። ጠበቃው ወደ ወረዳና ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይቅረብ፤ በጀቱና የሰው ኃይሉም ለዓቃቤ ሕግ ከሚሰጠው ጋር ይመዛዘን። የግል ጠበቆችም በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ ማዘዙን ያስታውሱ። ለሙስሊም ጠበቃ ደግሞ ይህ የዕውቀቱ ሰደቃ ነው።

እናንት ቤተሰቦች ሆይ፣ ለእናንተም የምለው አለኝ። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶቻችን የሚያዩት ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስን የመሰለውን ነው፤ የወንጀል ክስ የሚታየው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። አበጋሮችና ሽማግሌዎች ቢያስታርቁም ከባድ ክስ በዚያ ብቻ አይዘጋም። ስለዚህ ልጃችሁ ቢያዝ በሬውን ከመሸጣችሁ በፊት፣ ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ለሚል ደላላም ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ። ችሎት ሲቀርብ “ጠበቃ የማቆም አቅም የለኝም፣ መንግሥት ያቁምልኝ” ብሎ እንዲናገር ምከሩት። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡትንም ነፃ የሕግ አገልግሎት አጠያይቁ። ያያችሁትን እንድትመሰክሩ ስትጠሩ አትሽሹ፤ ያላያችሁትንም ለዘመድ ብላችሁ አትመስክሩ።

ዘካችሁን ስትከፋፍሉ አባት የታሰረበትን ቤት አስቡ። ልጆቹ በዚያ ቤት ድሆች ናቸው፤ ለሙግት የተበደረችው እናትም ባለዕዳ ናት። ሁለቱም ዘካ ከሚገባቸው ወገኖች ሊቆጠሩ ይችላሉና ዑለማዎቻችሁን አማክሩ። ቁርኣን ደጋጎችን ሲያመሰግን ከድሃና ከየቲም ጋር እስረኛን የሚያበሉ ብሎ ነው። ሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ በውስጡ ያሉት ሁሉ ዛሬ ማታ ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት አዛን እየጠበቁ የሚያፈጥሩ ወንድሞች ባይሆኑም፣ ሁሉም የሰው ልጆች ናቸው።

አላህ የተበደለውን ይካስልን፤ ያለ ጥፋቱ የታሰረውን ያስፈታልን፤ ጥፋተኛውን ወደ ተውበት ይመልስልን። ዳኞቻችንን ሁለቱንም ወገን የሚሰሙ፣ ስለ ድሃው የሚቆሙትንም አንደበታቸው በሐቅ የጸና ያድርግልን። አሚን።