አዳራሽ መሙላትና ወጣት ማሳደግ ይለያያሉ



ለዓመታት የወጣቶች ኅብረት መርቻለሁ። ይህ ነገር ግን ዘግይቶ ነው የገባኝ።

ኮንፈረንስ እናዘጋጃለን፣ ቲሸርት እናሳትማለን፣ መድረኩ ይደምቃል፣ ፎቶው ይለጠፋል። በሳምንቱ አንድ ልጅ ሲቀር ግን ማን ይደውልለታል? እኔም ያልደወልኩላቸው አሉ። አንዱን ከሁለት ዓመት በኋላ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘሁት። «ጋሼ፣ ያኔ እኮ አባቴ ሞቶብኝ ነበር» አለኝ። አፈርኩ።

የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ታሪክ አስታውሱ። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ሲዘጋት ምእመናኗ 5,000 ገደማ ነበሩ። አዳራሽ የለ፣ ማይክ የለ፣ ኳየር የለ። በየቤቱ በትንንሽ ቡድን እየተሰበሰቡ ቃሉን አጠኑ። ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ከ34,000 በላይ ሆኑ። ስደት ይምጣ እያልኩ አይደለም! ግን አንድ ሳሎን ውስጥ ስድስት ሰው ሲቀመጥ የቀረው ወዲያው ይታወቃል። ዝም ብሎ ሰምቶ መሄድም የለም፤ የመናገር ተራህ ይደርሳል፣ ድካምህም ይታያል።

ጌታችንም ብዙ ሕዝብ እየተከተለው አብሯቸው የኖረው ከ12ቱ ጋር ነው።

ስለዚህ አሁን የምትመሩ ልጆቼ፣ ፕሮግራሙን ቀነስ አድርጉት። እያንዳንዳችሁ አምስት ስድስት ልጅ ያዙ። የማርቆስን ወንጌል አብራችሁ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። ስማቸውን እየጠራችሁ ጸልዩላቸው፣ ቤታቸውን እወቁ።

ይህን ስታነቡ ከኅብረት የጠፋ ልጅ ትዝ ካላችሁ፣ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ደውሉለት።